የተረሳ የማዕድን ቆፋሪዎች መቃብርን መመዝገብና መንከባከብ፦ የፔንሲልቬንያ ካርፓቶ-ሩሲኖች

በሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ፣ ከስክራንተን እስከ ሻሞኪን በሚዘልቀው የአንትራሳይት ከሰል አገር፣ ከከተሞቹ በላይ ባሉት ዳገቶች ላይ ጫካ የዋጠው መቃብር ማግኘት አይከብድም። በዛፎቹ መካከል ሦስት አግዳሚ ያለው መስቀል ካያችሁ የቆማችሁበት መሬት የካርፓቶ-ሩሲኖች ሊሆን ይችላል። ሩሲኖች ዛሬ ስሎቫኪያ፣ ዩክሬንና ፖላንድ በተካፈሉት የካርፓቲያ ተራራ የሚኖሩ፣ የራሳቸው አገር የሌላቸው የስላቭ ሕዝብ ናቸው። ከ1880ዎቹ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ወደ አሜሪካ የገቡት 225 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። ብዙዎቹ እረኛና ገበሬ ነበሩ፤ እዚህ ሲደርሱ ከመሬት በታች ወረዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቃብሩ የተረሳው ቤተሰብ ስለ ጨከነ አይደለም። የአንትራሳይት ምርት በ1917 ወደ 100 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከደረሰ በኋላ አሽቆለቆለ። ጥር 22 ቀን 1959 የሳስኩዌሃና ወንዝ ፖርት ግሪፊት አጠገብ የኖክስን ጉድጓድ ጥሶ ገብቶ 12 ሰው ሲገድል፣ በዋዮሚንግ ሸለቆ የጥልቅ ጉድጓድ ሥራ ያበቃለት ያህል ሆነ። ልጆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ኒው ጀርሲና ወደ ፊላደልፊያ ወረዱ። ምእመን ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ፤ መቃብሩ ግን አብሮ ሊሄድ አይችልም።

እንዲህ ያለ ቦታ የሚያገኝ ቅን ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማጠብ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ማጠብ ከሥራው ሁሉ የመጨረሻውና ትንሹ ነው። መቶ ክረምት የተቋቋመ ድንጋይ በአንድ ከሰዓት በኋላ በግፊት ውሃ ማሽን ፊደሉን ሊያጣ ይችላል። የታጠበ ነገር ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ባለቤት፣ ምዝገባ፣ ንባብ፣ መዝገብ፣ ከዚያ በኋላ መጥረጊያና ውሃ ነው።

ደረጃ 1፦ መቃብሩ የማን እንደሆነ ማወቅ

"የተተወ" የሚመስል መቃብር ሁሉ ባለቤት አለው። የሩሲኖቹን ባለቤት ማግኘት ግን ከሌላው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያናቸው ደጋግሞ ተከፋፍሏል።

ሲመጡ አብዛኞቹ ግሪክ ካቶሊክ ነበሩ፤ ሥርዓታቸው የምሥራቅ፣ ታዛዥነታቸው ለሮም፣ ካህናታቸውም ባለትዳር። በአሜሪካ የመጀመሪያው ግሪክ ካቶሊክ ደብር በ1884 በሸናንዶ ተመሠረተ። የአሜሪካ የላቲን ጳጳሳት ባለትዳር ካህን አንቀበልም ሲሉ ግን ጠቡ ጀመረ። አባ አሌክሲስ ቶት በ1891 ከሚኒያፖሊስ ምእመናቸው ጋር ወደ ሩሲያ ኦርቶዶክስ ገቡ፤ በ1893 ወደ ዊልክስ-ባሪ መጥተው በከሰሉ አገር ብዙ ደብሮችን አስከተሉ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1994 ቅዱስ ብላ ሰይማቸዋለች። በ1924 ደግሞ ከሃንጋሪ ግዛት የመጡትና ከጋሊሺያ (በኦስትሪያ ሥር ከነበረው የዛሬ ፖላንድና ዩክሬን ክፍል) የመጡት ግሪክ ካቶሊኮች በየራሳቸው ጳጳስ ሥር ሆኑ። ሮም በ1929 የካህናትን ጋብቻ የሚከለክለውን ደንብ ስታጠብቅ ሌላ ክፍል ተገንጥሎ በ1938 የራሱን ኦርቶዶክስ ሀገረ ስብከት አቋቋመ፤ መንበሩ ጆንስታውን ነው።

ይህን የምተርከው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። በተግባር ሲታይ፣ ከአንድ የካርፓቲያ መንደር የመጡ ወንድማማቾች በአንድ የከሰል ከተማ ውስጥ በሁለትና በሦስት አጥር ተለያይተው ተቀብረዋል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ለአንድ ቢሮ ብቻ አታቅርቡ፦ ለፓሴይክ የቢዛንታይን ካቶሊክ ሀገረ ስብከት (ከሃንጋሪ ግዛት የመጡት ወገን)፣ ለፊላደልፊያ የዩክሬን ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ መንበር (ከጋሊሺያ የመጡት ወገን)፣ ለአሜሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ለጆንስታውኑ ሀገረ ስብከት ጻፉ። አንዱ "የእኛ አይደለም" ቢላችሁ ሌላው ጋ የቆየ ካርታ ሊገኝ ይችላል።

ጎን ለጎን ወደ ካውንቲው (የግዛቱ አውራጃ) ፍርድ ቤት ሄዳችሁ የመሬት ውል መዝገቡን አስወጡ። ለስኩልኪል ካውንቲ ፖትስቪል፣ ለሉዘርን ዊልክስ-ባሪ፣ ለላካዋና ስክራንተን፣ ለኖርዘምበርላንድ ሰንበሪ ነው። ብዙ ጊዜ መሬቱን የሰጠው ወይም የሸጠው የከሰል ኩባንያው ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከሥሩ ያለውን ከሰል የማውጣት መብት ግን ለራሱ ያስቀራል። አንዳንዱ ውል በደብሩ ስም ሳይሆን በጥቂት ምእመናን ስም የተጻፈ ነው። ያኔ በጠቡ ዘመን ሕዝቡ ንብረቱን ለጳጳስ ማስረከብ አልፈለገም ማለት ነው።

ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። በቃል "ሂዱ አጽዱ" ያለ ሰው ነገ ከኃላፊነቱ ይነሣል። በፈቃዱ ላይ ምን እንደምታደርጉ ለይታችሁ አስጽፉ፦ ፎቶ ማንሣት፣ ቁጥቋጦ መቁረጥ፣ ማጠብ። ፔንሲልቬንያ የቆዩ የመቃብር ቦታዎችን የሚጠብቅ የ1994 ሕግ ስላላት፣ ድንጋይ ማንቀሳቀስን በተመለከተ የካውንቲውን ሰዎች አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ደረጃ 2፦ ጊዜና ደኅንነት

ለምዝገባ የሚመረጠው ቅጠል ሳይወጣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ነው፤ መሬቱ ይታያል፣ ብርሃኑም ዝቅ ብሎ ይመጣል። የመኸሩ ማብቂያም ጥሩ ነው፤ ግን የአጋዘን አደን ወቅት ስለሆነ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ሳትለብሱ አትግቡ። መዥገሩ የላይም በሽታ ያስይዛል፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታ ገላችሁን ፈትሹ። በሦስት በሦስት ቅጠል የሚወጣው ፖይዘን አይቪ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላም ሐረጉ ቆዳ ያሳብጣል። ሐረጉን በፍጹም አታቃጥሉ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።

የዚህ አገር ልዩ አደጋ ከእግር በታች ነው። መቃብሩ የቆመው ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ባዶ ባደረጉት ዋሻ ላይ ሊሆን ይችላል። የመቃብር ስምጠትና የማዕድን ስምጠት ይለያያሉ፦ የመቃብሩ ረዘም ያለ፣ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋና ዳር ዳሩ በሣር የለዘበ ነው። የማዕድኑ ክብ፣ ጠርዙ ስለታም፣ አፈሩ ትኩስ፣ አንዳንዴም ታቹ የማይታይ ነው። እንዲህ ያለ ካያችሁ ከዙሪያው ራቁ፤ ለግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም አሳውቁ፤ የተተዉ ማዕድኖች ጉዳይ የእሱ ሥራ ነው።

ደረጃ 3፦ ሳይነኩ መቃኘት

መጋዝም ማጭድም መኪና ውስጥ ይቆይ። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው ሜትር፣ ደብተር፣ እርሳስ፣ የእንጨት ችካልና ካሜራ ነው።

ከአጥሩ አንድ ጥግ ጀምሩና ረድፎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ እያላችሁ ስም ስጡ፤ በየረድፉ ያለውን መቃብር ከ1 ጀምሩና ቁጠሩ። ድንጋይ የሌለው ስምጠትም ቁጥር ይሰጠው። ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን እንዲህ ባለው መቃብር ውስጥ ትልቁ መረጃ ድንጋይ የሌላቸው ሰዎች ቁጥር ይመስለኛል። በጉድጓድ ሞቶ ሐውልት የሚያቆምለት ያጣ ላጤ ሠራተኛ ብዙ ነበር። የእንጨት መስቀሉ ከበሰበሰ ዘመን አልፎታል።

ዕፅዋቱንም እንደ ምልክት አንብቡ። መሬት ላይ የተነጠፈ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው አበባ የሚያወጣ ቪንካ ወይም እንደ ጎራዴ የቆመ ዩካ በጫካ መሐል ካገኛችሁ ሰው የተከለው ነው፤ ሥሩ መቃብር መኖሩ አይቀርም። አትንቀሉት። ለብቻ የታጠሩ ትንንሽ ጉብታዎች የሕፃናት ክፍል ሊሆኑ ይችላሉ። በጥቅምትና በኅዳር 1918 የተቀበሩ ከበዙ ደግሞ የኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ ነው፤ የከሰሉን አገር ክፉኛ መትቶታል።

መስቀሉ የግድ ከራስጌ አይቆምም። በምሥራቅ ሥርዓት ሟች ሲነሣ መስቀሉን ፊት ለፊት እንዲያይ ከግርጌ የሚያቆሙ አሉ። ስለዚህ አስከሬኑ ከድንጋዩ በየት በኩል እንዳለ ከስምጠቱ እንጂ ከድንጋዩ ብቻ አትገምቱ።

ስለ ሦስቱ አግዳሚዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ በኋላ የተሰበረ ስትገጣጥሙ ይጠቅማችኋል። የላይኛው አጭር አግዳሚ የጲላጦስ ጽሕፈት ነው፤ መካከለኛው እጆቹ የተዘረጉበት፣ የታችኛው የእግሩ መቆሚያ። የታችኛው ሲያዘነብል ከፍ የሚለው በጌታ ቀኝ፣ በፈያታዊ ዘየማን በኩል ነው፤ ይኸውም ለተመልካቹ በግራ። ጽሑፉን ፊት ለፊት እያነበባችሁ ከፍታው በቀኛችሁ ከሆነ አንድ ሰው ከዚህ በፊት ገልብጦ መልሶት ሊሆን ይችላል። በቤት በተሠሩ የሲሚንቶ መስቀሎች ላይ ግን አግዳሚው ቀጥ ብሎም ይገኛል፤ ይህ ስብራት አይደለምና "አታርሙት"።

ደረጃ 4፦ ፎቶና ንባብ

ለእያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ ሦስት ፎቶ አንሡ፦ ከነአካባቢው፣ ሙሉውን፣ ጽሑፉን ብቻ። ጀርባውንም እዩ፤ የሠሪው ስም ወይም ሁለተኛ ሟች እዚያ ሊኖር ይችላል።

የደበዘዘ ፊደል የሚነበበው በጎን በሚመጣ ብርሃን ነው። ረጅም መስታወት ይዛችሁ ፀሐይዋን ከጎን በድንጋዩ ፊት ላይ እንድታንሸራትት አድርጉ፤ ዐይን ያላየው ጽሑፍ ብድግ ይላል። ዱቄት፣ ጠመኔ ወይም የመላጫ አረፋ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ሁሉም ድንጋዩን ይጎዳሉ። ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ማሸትም ለሚፈረፍር እብነ በረድ አይሆንም።

ጽሑፉን እንዳለ፣ ከነስሕተቱ፣ መሥመሩን ጠብቃችሁ ገልብጡ። መተርጎም ኋላ ይመጣል። ሲሪሊክ ለማያውቅ ሰው ትልቁ ወጥመድ ላቲን የሚመስሉት ፊደላት ናቸው፦ "ፒ" የሚመስለው "ር" ነው፤ "ኤች" የሚመስለው "ን"፤ "ሲ" የሚመስለው "ስ"፤ "ቢ" የሚመስለው "ቭ"፤ "ዋይ" የሚመስለው "ኡ"። አና የሚለው ቀላል የሴት ስም ላልለመደ ዐይን "አሃ" የተባለ ይመስላል። እንዲህ እየተነበቡ የተመዘገቡ ዝርዝሮች ስላሉ፣ ከእናንተ በፊት የተሠራ ዝርዝር ብታገኙም ከድንጋዩ ጋር አስተያዩት።

የሚደጋገሙት ቃላት ጥቂት ናቸው። "ቱ ስፖቺቫዬት" እዚህ ያርፋል ማለት ነው፤ "ሮዲልስያ" ተወለደ፣ "ኡመር" ሞተ፣ "ቪችናያ ፓምያት" ዘላለማዊ መታሰቢያ። "ስቶሊጻ" የሚል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ በቀድሞው የሃንጋሪ መንግሥት የተወለደበትን አውራጃ ነው የሚነግራችሁ፦ ሻሪሽ፣ ዜምፕሊን፣ ስፒሽ፣ ኡንግ፣ ቤሬግ፣ ማራማሮሽ። ከጋሊሺያ የመጡት፣ ሌምኮ የሚባሉት ሩሲኖች ደግሞ ጎርሊጸን ወይም ሳኖክን የመሰለ ስም ያስጽፋሉ። መንደሩ ከአውራጃው ቀጥሎ ይመጣል፤ ይህ አንድ መሥመር ዘመድ ፈላጊውን ከብዙ ዓመት ልፋት ያድናል።

በላቲን ፊደል የተጻፈ ድንጋይም ሩሲን ሊሆን ይችላል። አጻጻፉ የሃንጋሪ ከሆነ "ኤስ" እና "ዜድ" ተከታትለው ሲመጡ "ስ"፣ "ሲ" እና "ኤስ" ተከታትለው ሲመጡ "ች" ይነበባል።

ወደ ቀኑ እንምጣ። እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ከአሜሪካዊው ይልቅ ዝግጁ ነው። ሩሲኖቹ የጁልያን ቀመር ይከተሉ ነበር፤ ልደታቸው ከእኛ ገና ጋር በአንድ ቀን ይውል ነበር። ስለዚህ በድንጋዩ ወይም በደብሩ መዝገብ ላይ ያለው ቀን ከመንግሥት መዝገብ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል፦ ከመጋቢት 1900 በፊት 12 ቀን፣ ከዚያ ወዲህ 13 ቀን። ልዩነቱ ልክ 12 ወይም 13 ከሆነ የተሳሳተ ሰው የለም፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ይህ የቀን ልዩነት ነፍስ ያተረፈበት ጊዜም አለ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1907 በምዕራብ ፔንሲልቬንያ የዳር ማዕድን ፈንድቶ 239 ሰዎች ሞቱ። ዕለቱ በጁልያን ቀመር ታኅሣሥ 6፣ የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ነበረ፤ ብዙ ሩሲኖች ሥራ ቀርተው ቤተ ክርስቲያን ስለዋሉ ተረፉ። 71 ሟቾች፣ ከነሱም ማንነታቸው ያልታወቀ 49 ሰዎች፣ በኦሊቭ ብራንች መቃብር በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል።

ደረጃ 5፦ ስሙን ከመዝገብ ጋር ማገናኘት

ድንጋዩ ስምና ቀን ይሰጣችኋል፤ ሰውየው ማን እንደነበረ የሚነግራችሁ ወረቀት ነው።

ከሁሉ በፊት የማዕድን ተቆጣጣሪዎችን ዓመታዊ ሪፖርት ክፈቱ። በ1869 አቮንዴል ላይ 110 ሰው ከሞተ በኋላ ፔንሲልቬንያ የቁጥጥር ሕግ አወጣች፤ ተቆጣጣሪዎቹም ከ1870 ጀምሮ የሞተውን ሁሉ በሠንጠረዥ አስፍረዋል፦ ቀን፣ ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ዓይነት፣ ዜግነት፣ ባለትዳር ወይም ላጤ መሆኑ፣ ስንት ወላጅ አልባ ልጅ እንደተወ፣ የጉድጓዱ ስምና የሞቱ ምክንያት። በአንትራሳይት ጉድጓዶች ከዚያ ወዲህ ከ30 ሺህ ሰው በላይ ሞቷል። የጣሪያ ድንጋይ መደርመስ የሚለውን ምክንያት እየደጋገማችሁ ታነባላችሁ፤ ከሁሉ በላይ የገደለው እሱ ነው።

በሠንጠረዡ "ሩሲን" የሚል ቃል አትፈልጉ። ጸሐፊው "ሃንጋሪያዊ"፣ "ስላቭ"፣ "ኦስትሪያዊ"፣ አልፎ አልፎ "ሩሲያዊ" ብሎ ነው የሚጽፈው። ስሙም የአለቃው ጆሮ የሰማው ነው፤ ኢቫን ጆን ይሆናል፣ ሚኻይሎ ማይክ፣ ዩርኮ ጆርጅ፣ ቫሲል ደግሞ አንዴ ዊልያም አንዴ ቻርልስ። ስለዚህ በስም ሳይሆን በቀን ፈልጉ፦ በድንጋዩ ላይ ካለው የሞት ቀን ተነሥታችሁ በፊትና በኋላ 13 ቀን ስጡ፣ በዚያ አካባቢ ጉድጓድ የሞተውን ሁሉ አውጡ፣ ከዚያ ዕድሜውን አስተያዩ።

ቀጥሎ የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ግዛቱ ከ1906 ጀምሮ ለሁሉም ሰው ማውጣት ጀመረ፤ 50 ዓመት ያለፈው ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ከሃሪስበርግ የግዛቱ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከ1893 እስከ 1906 ያለው በየካውንቲው ነው። ወረቀቱ የአባትና የእናት ስምና የተቀበረበትን ቦታ ይይዛል፤ ድንጋይ ለሌለው መቃብር ብቸኛው ማስረጃ ይኸው ሊሆን ይችላል። "የማዕድን ቆፋሪ አስም" የሚል ምክንያት ካያችሁ የከሰል አቧራ ሳንባውን ጨርሶታል ማለት ነው፤ ይህ ሰው በተቆጣጣሪዎቹ የአደጋ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም።

የ1910 የሕዝብ ቆጠራ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለሚጠይቅ ጠቃሚ ነው፤ "ሩቴንያን" የሚል ካገኛችሁ የእናንተው ሰው ነው። ባይልም ተስፋ አትቁረጡ፤ ቆጣሪው ስሎቫክ ብሎ አልፎት ይሆናል።

የማኅበሩን ወረቀት ብዙ ሰው ይረሳዋል። የካቲት 14 ቀን 1892 በዊልክስ-ባሪ የግሪክ ካቶሊክ ኅብረት ተመሠረተ። አባላቱ በየወሩ እያዋጡ አንዱ ሲሞት ቀባሪና ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚያገኙበት ነው፤ እድር ብትሉት ከእውነቱ አትርቁም። በየከተማው ቅርንጫፍ፣ ለየቅርንጫፉም ቁጥር ነበረው። በድንጋዩ ላይ የማኅበር ምልክት ወይም የቅርንጫፍ ቁጥር ካለ በጥንቃቄ መዝግቡ። ልሳኑ "አሜሪካንስኪ ሩስኪ ቪዬስትኒክ" ጋዜጣ ከ1892 እስከ 1952 ታትሟል፤ በሞት ቀኑ አካባቢ ያሉትን እትሞች ማገላበጥ አይከፋም። ስለ መንደሮቹ ስም ግራ ከተጋባችሁ በ1994 ፒትስበርግ ውስጥ የተቋቋመው የካርፓቶ-ሩሲን ማኅበር አባላት የሃንጋሪኛውን ስም ከዛሬው የስሎቫክኛና የዩክሬንኛ ስም ጋር ማዛመድ ይችሉበታል።

ደረጃ 6፦ ቁጥቋጦውን መጥረግ

አሁን መጋዙ ይውጣ። ዛፍና ሐረግ ከሥሩ አይነቀልም፤ ከመሬት ጋር አስተካክላችሁ ቁረጡ። ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ ሊሆን ይችላል፤ ሲጎተት አብሮ ይመጣል። ከድንጋዩ 30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ በእጅ መቀስ ብቻ ሥሩ። የናይለን ክር ያለው ማጨጃ የእብነ በረድ ግርጌ ላይ ጠባሳ ይተዋል። አረም ማጥፊያ መድኃኒት ድንጋይ አጠገብ አትርጩ፤ ጨዉ ውስጥ ገብቶ ገጽታውን ያፈርሰዋል።

የወደቀ የብረት መስቀል ወይም በመቃብር ድንጋይ ላይ የሚለጠፍ የሸክላ ፎቶ ስባሪ ካገኛችሁ ካለበት አታንሡ። ቁጥር ስጡት፣ ፎቶ አንሡት፣ እዚያው ተዉት። "እንዳይጠፋ" ብሎ ቤት መውሰድ መጥፋቱ ነው።

ደረጃ 7፦ ማጠብ

መጀመሪያ ሁሉም ድንጋይ እንደማይታጠብ ተቀበሉ። በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ገጽታው ከውስጡ ተላቋል። በመዳፋችሁ ስትዳብሱት ቅንጣት እጃችሁ ላይ ከቀረ እብነ በረዱ እየፈረሰ ነው። ስንጥቅ ካለውም ተዉት። ለነዚህ ፎቶው ይበቃል።

ለጤነኛው የሚያስፈልገው ብዙ ንጹሕ ውሃ፣ ባልዲ፣ የእጅ መርጫና ለስላሳ ብሩሽ ነው። የሽቦ ብሩሽ፣ በረኪና፣ አሲድ፣ የልብስ ሳሙና፣ የግፊት ማሽን ክልክል ነው። በረኪና ለጊዜው ያነጣዋል፣ የሚቀረው ጨው ግን ከውስጥ ይበላዋል።

ድንጋዩን እስኪጠግብ አርጥቡት። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እያዞራችሁ እሹት፤ ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው እድፍ ደረቁ ላይ መሥመር ይተዋል። በየመካከሉ አለቅልቁ። የድንጋይ ሽበት የያዘውን በብረት አትፋቁት፤ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ። ለጥቁርና ለአረንጓዴው እድፍ የአሜሪካ ጠባቂዎች የሚጠቀሙበት "ዲ-ቱ" የሚባል ፈሳሽ አለ። ረጭታችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆዩና በቀስታ አሽታችሁ አለቅልቁ። ሥራው ግን የዚያን ቀን አያልቅም፤ በሳምንታትና በወራት ዝናብና ፀሐይ እየተረዳ ያነጣል። በመጀመሪያው ቀን እንደ አዲስ ካላበራ ብላችሁ አትድገሙት።

ሌሊቱ ውርጭ የሚጥል ከሆነ አትጠቡ፤ የገባው ውሃ ሲረጋ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ቀኑ ቢያንስ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። የሸክላ ፎቶን በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ዳብሱት። የብር ቀለም የተቀባ የሲሚንቶ መስቀል ካለ ቀለሙን አትላጡ፤ አንድ ዘመድ ለፋሲካ የቀባው ነው፣ የመቃብሩ ታሪክ አካል ሆኗል።

ደረጃ 8፦ የወደቀውን ማንሣት

በአብዛኛው መልሴ "አታንሡ" ነው። አንድ ሜትር ቁመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ 135 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጣት ለመቁረጥ ከበቂ በላይ ነው። ያዘነበለ ትንሽ ድንጋይ በጠጠርና በአሸዋ ተደግፎ ቀጥ ሊል ይችላል። የተሰበረውን በሲሚንቶ መለጠፍ ግን ጥፋት ነው፤ ሲሚንቶ ከድንጋዩ ስለሚጠነክር በሚቀጥለው ክረምት አዲስ ቦታ ይሰነጥቀዋል። የሚሆነው የኖራ ማጣበቂያ ነው፣ እሱም ሙያተኛ ይፈልጋል። ውስጡ ብረት ያለው የሲሚንቶ መስቀል ከተሰነጠቀ ብረቱ ዝጎ አብጧል፤ ላዩን መለሰን አይጠቅመውም።

ደረጃ 9፦ ማስረከብና መመለስ

ዝርዝሩ በእናንተ ኮምፒውተር ብቻ ከቀረ ሥራው ገና ነው። አንድ የታተመ ቅጂ ለባለቤቱ ደብር ወይም ሀገረ ስብከት፣ አንድ ለካውንቲው የታሪክ ማኅበር፣ አንድ ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ፋይንድ ኤ ግሬቭ በተባለው የመቃብሮች ድረ ገጽ ላይ ስትጭኑ የረድፉን ፊደልና ቁጥሩን ጨምሩ፤ ደብተሩ ላይ የጻፋችሁትን የሲሪሊክ ግልባጭም አስገቡ። በግምት የተነበበ ፊደል ካለ ግምት መሆኑን ጻፉ። በሕይወት ያሉ ዘመዶችን ስም ግን ያለ ፈቃዳቸው አታውጡ።

ደብሩ ካህን ካለው ለግንቦት መጨረሻው የሙታን መታሰቢያ ሰኞ ፓናኺዳ እንዲያደርሱ ለምኗቸው፤ የእነርሱ ፍትሐት ነው። ቀኑ ሲታወቅ ኒው ጀርሲ ድረስ ያሉ የልጅ ልጆች ይመጣሉ። ከእነሱ የሚገኘው የአልበም ፎቶ አንዳንዴ የጠፋውን መስቀል ቦታ ያሳያል፤ ስለዚህ ረድፎቹንና ቁጥሮቹን ያሰፈራችሁበትን ካርታ ይዛችሁ ሂዱ፣ በአጥሩ ላይ ዘርጉት፣ እርሳስም አትርሱ።

ቁጥቋጦው ይመለሳል። በተለይ ሎከስት የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ከተቆረጠበት ሥር ብዙ ሆኖ ይወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በበጋው መጀመሪያና መጨረሻ ካልታጨደ ልፋቱ ከንቱ ነው። ማጨዱን ማን እንደሚሠራ፣ ማሽኑን ማን እንደሚያቀርብና የበሩ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ከባለቤቱ ጋር ተስማሙና በፈቃዱ ወረቀት ጀርባ አስፍሩት።